ቀረሮ ላይ የወጣው የመንግሥት ቀፎ

መንግሥት ንብን ከዛፍ ወደ ጓሮ ለማውረድ በቆረጠበት ዓመት የማንኪራ ቀበሌው አቶ ሣህሌ ስድሳ ዓመት አልፏቸው ነበር። ከዚህ ውስጥ ሃምሳውን ዛፍ ላይ ቀፎ ሲሰቅሉ ኖረዋል። ስለዚህ ስለ ንብ የሚያስተምራቸው የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት ባለሙያ ከቦንጋ ተላከላቸው።

ባለሙያው በእምነት ይባላል። ለሰው ትሑት ነው፤ ንብ ግን አይጠጋም። በቀበሌው ስብሰባ ላይ የድጎማውን ነገር አስረዳ፤ ለተመረጡ አርሶ አደሮች ለእያንዳንዳቸው አንድ ዘመናዊ የሳጥን ቀፎ በነፃ ይሰጣል፣ ንብ የገባበት መሆኑ ሲረጋገጥ ደግሞ ስምንት መቶ ብር ይከፈላል።

ስምንት መቶ ብር ማለት ለሣህሌ የቤታቸው ቆርቆሮ ነው። ዝናብ በመጣ ቁጥር ባለቤታቸው እትዬ የሻረግ አልጋውን ከጥግ ወደ ጥግ ይገፋሉ።

"ዘንድሮ ወይ ቆርቆሮ ግዛ፣ ወይ ጀልባ" ብለዋቸዋል።

ሣህሌ ቀፎውን በታዘዙት መሠረት ጓሯቸው ውስጥ በእንጨት መቆሚያ ላይ አኖሩት። ሁለት ወር ጠበቁ። ጉንዳን ገባበት፤ ንቦቹ ግን በስብሰባው ላይ ስላልነበሩ ውሳኔውን አልሰሙም። በመጨረሻ ሣህሌ ማንም የአገራቸው ሰው የሚያደርገውን አደረጉ። ሳጥኑን በቅጠል አጥነው፣ በገመድ ጎትተው፣ ከአባታቸው የወረሱት ረጅም የቀረሮ ዛፍ ጫፍ ላይ ሰቀሉት። በሳምንቱ ንብ ሞላበት።

ብዙም ሳይቆይ አረጋጋጭ ኮሚቴ በመኪና መጣ፤ መሪው በእምነት ነው።

"ጋሽ ሣህሌ፣ ቀፎው የታለ?"

ሣህሌ በጣታቸው ወደ ሰማይ አመለከቱ።

"እዚያ ምን ሊሠራ ወጣ?"

"ንቦቹ ያሉት እዚያ ነዋ።"

"ፎርሙ ግን የሚለው 'በጓሮ' ነው።"

"እንግዲያው ልጄ፣ ፎርሙን ለንቦቹ አንብብላቸው። ገመዱ ይኸው፤ ውጣ።"

በእምነት ዛፉን ሽቅብ ሲያይ ኮፍያው ወደቀ። ኮፍያውን አነሳና "ቀፎ አልታየም" ብሎ ጻፈ።

ከዚያ ኮሚቴው ወደ ጎረቤታቸው ወደ ለገሰ አለፈ። ለገሰ ሳጥኑን ቢጫ ቀለም ቀብቶ ጓሮው መሐል አቁሞታል። አይጥ ስለማይደርስበት የዘር ባቄላ ያስቀምጥበታል። የኮሚቴው አባላት መነደፍን ፈርተው ሃያ እርምጃ ርቀው ቆሙ።

"ንቦቹ ዝም አሉሳ?" አለ በእምነት።

"ሥራ ላይ ናቸው" አለ ለገሰ።

"በሙሉ ምርት ላይ ያለ" ተብሎ ተመዘገበ። ስምንት መቶ ብሩ ለለገሰ ተከፈለ፤ ሞዴል አርሶ አደር የሚል የምስክር ወረቀትም ተመረቀለት። እትዬ የሻረግ በዚያ ሰሞን ከሚያንጠባጥበው ጣሪያ ሥር ባልዲ እያስቀመጡ፣

"የአንተ ንቦች ከፍታ ወደዱ፤ እኛን ግን ረግረግ ውስጥ ጣሉን" አሉ።

ሣህሌ ሌላ ባልዲ አመጡ።

በግንቦት ለለገሰ ደብዳቤ ደረሰው። ቦንጋ ላይ በሚደረገው ኤግዚቢሽን ከሞዴል ቀፎው አሥር ኪሎ ማር ይዞ እንዲቀርብ ይላል። ባቄላ ይዞ መቅረብ አይቻልም። ለገሰ ባዶ ጀሪካን አንጠልጥሎ ከሣህሌ ደጅ ቆመ።

"ጋሼ፣ ጉዴ ሳይወጣ ማር ይስጡኝ።"

"ማሩ አለ። አሥሩ ኪሎ ስምንት መቶ ብር ነው።"

"ኧረ ጋሼ! ገበያ ላይ እኮ ሁለት መቶ አይሞላም!"

"የገበያው የተራ ቀፎ ማር ነው። ይህ የመንግሥት ቀፎ ማር ነው። ዋጋውንም መንግሥት ራሱ ነው የቆረጠው፤ አንተም ተቀብለሃል።"

ለገሰ ጀሪካኑንም፣ ሣህሌንም፣ ዛፉንም አየ። ከዚያ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ።

በኤግዚቢሽኑ ዕለት በእምነት በድምፅ ማጉያ ስለ ጓሮ ቀፎ ጥቅም ሲያስረዳ እንግዶቹ ማሩን እየቀመሱ ጣታቸውን ላሱ። ዕቃው ላይ "ከዘመናዊ ቀፎ የተገኘ" የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ድጎማው ከተጀመረ ወዲህ ከተጻፈው ሁሉ እውነቱ ይኸው ብቻ ነበር።

ሣህሌ ንግግሩ አመለጣቸው። በዚያ ሰዓት ማንኪራ ላይ፣ አዲስ ቆርቆሮ ላይ ተቀምጠው ሚስማር ይመቱ ነበር።

"በዚህ በኩል አንድ ሚስማር ቀርቷል!" አሉ እትዬ የሻረግ ከታች።

"አልታየም ብለሽ ጻፊ" አሉ ሣህሌ፣ እየመቱ።