ሰው ያልቆመበት ጎን

ቢራራ ጁባ ውስጥ የውሃ ቦቴ መንዳት ከጀመረ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው። ቢራ ይዘው አገር የሚያቀኑ ምሁሮቻችን ሹፌርነት መሪ መጠምዘዝ ብቻ ይመስላቸዋል። እስቲ ይምጡና ወንዙ ዳር ቦቴ ወደ ኋላ ያስገቡ! አንዱ በግራ በኩል ቆሞ ጨርቅ እያውለበለበ «ታል! ታል!» ይላል፤ ና ማለቱ ነው። ዓይን ደግሞ ሎሌ ነው፤ ወደተውለበለበለት ይሮጣል። አዋቂ ሹፌር ግን ጨርቁን ትቶ የቀኙን ስፖኪዮ ያያል። ጠሪው የቆመበትን ጎን ጠሪው ይጠብቀዋል፤ ገደሉ ያለው ሰው ባልቆመበት ጎን ነው።

መጋቢት ላይ ቢራራን ሞተር ሳይክል ገጨውና ግንባሩን ተመታ። ቁስሉ ድኖ ሥራ በጀመረበት ቀን ዓይኑ ጨርቁ ላይ ተለጥፎ ቀረ፤ የቀኝ የኋላ ጎማው ከዳሩ ተንሸራተተ። የቦቴው ባለቤት ዙልፋ ቁልፉን ተቀበለችው።

«ጋሽ ቢራራ፣ የሐኪም ወረቀት እስክታመጣ ከላስ፣ በቃ።»

ሐኪሟ ሔርሜላ ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ሁለት እጆቿን ዘረጋች። «ጣቴ የተንቀሳቀሰበትን ትተው ወደ ሌላኛው እጄ ይመልከቱ።»

ከአሥራ ሁለት ሙከራ ዘጠኙን ሳተ።

«ትእዛዙ ገብቶኛል እኮ! ዓይኔ ነው ቀድሞኝ የሚሄደው!»

«ዓይንን ወደሚንቀሳቀስ ነገር የሚወረውረው የአንጎል ክፍል ሳያማክርዎ ነው የሚሠራው» አለችው። «‹ቁም› ብሎ የሚይዘው፣ ይዞም ወደ ሌላ ጎን የሚልከው ከግንባርዎ ጀርባ ያለው ነው። የተጎዳው እሱ ነው። ሊመለስ ይችላል፤ ጊዜ ይፈልጋል።»

በራሪ ወረቀት እያነበብን ላደግን ሰዎች ነገሩ ቀላል ነው፦ ከታች ግብታዊው ሰልፈኛ፣ ከላይ ማዕከላዊ ኮሚቴ። ልዩነቱ የቢራራ ኮሚቴ ቢያንስ ለመሥራት ይሞክራል።

ወር ሙሉ ካስተም ገበያ ባለ ምግብ ቤት ተለማመደ። ጓደኞቹ ማንኪያ እያወዛወዙ «ቢራሬ፣ በቀኝህ ቆንጆ መጣች፤ ግራ እይ!» ይሉታል። ቀኙን ያያል። ይስቁበታል። አብሯቸው ይስቅና እንደገና ይሞክራል።

በሁለተኛው ፈተና አንድም አልሳተም። ወረቀቱን አይታ ዙልፋ ቁልፉን እጁ ላይ አስቀመጠችለት። እሱ ግን ቦቴው አጠገብ ተገትሮ ቀረ።

«ምን ሆንክ? ውጣና አስነሳው እንጂ!»

«ሐኪሟ ጣቷን ከማንቀሳቀሷ በፊት በዚያው በኩል ትከሻዋን ከፍ ታደርጋለች። እሱን አይቼ ነው ያለፍኩት።»

«ታዲያ ማን ተናዘዝ አለህ?»

«ወንዙ ትከሻ የለውም፣ ዙልፋ።»

ቁልፉን መለሰላት። ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

«ሁለት ወር ተተኪ ሹፌር እይዛለሁ» አለች። «ከዚያ በላይ ግን ማሌሽ፤ እንዳትቀየመኝ።»

ቢራራ በማግስቱ ለሔርሜላ እውነቱን ነገራት። ሳቀች፤ ከዚያ ከአንገቷ በታች አንሶላ ጋርዳ ጣቶቿን ብቻ በግራና በቀኝ ጫፉ አወጣች።

አምስት ሳተ። ላቡን በእጅጌው ጠርጎ ወንበሩን ወደፊት ሳበ።

«ይድገሙልኝ» አላት።