ደንገል ውስጥ የቆመው

የእርጥብ ደንገል ሽታ እስካሁን ያስደነግጠኛል። ባለፈው ሳምንት ሐይቁ ዳር የበቀለውን ደንገል አጭደው ታንኳ በሚያስሩ ሰዎች አጠገብ ሳልፍ አፍንጫዬን ሲመታኝ፣ በዚህ ዕድሜዬ መንገዴን ትቼ ወደ ኋላ ተመለስሁ። ምክንያቱን ልንገርህ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ወጣት ከየቤቱ የሚለቀምበት ዘመን። እኔ ባሕር ዳር፣ ሐይቁ ዳር ባለች ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል አስተምር ነበር። ገና ሃያ ዓመት አልሞላኝም፤ አስተማሪነቱ ግን ጭንቅላቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ልጆቹ ሙሉ ዓረፍተ ነገር እንዲጽፉ ሰሌዳው ላይ ሦስት ጥያቄ እጽፋለሁ፤ ማን? የት? ምን ያደርጋል? ሦስቱንም የመለሰ ልጅ ወረቀቱ በሩ አጠገብ ግድግዳው ላይ ይለጠፍለታል። ለዚያች ግድግዳ ሲሉ እርሳሳቸውን አኝከው የሚጨርሱ ልጆች ነበሩኝ።

አንዲት ዝምተኛ ልጅ ግን ዓረፍተ ነገሯን አትጨርስም። ታላቅ ወንድሟን በዚያው ክረምት ሐይቁ ወስዶታል ተብሏል፤ ታንኳው ባዶውን ተገኘ፣ አስከሬኑ አልወጣም። እናቷ ጥቁር ለብሰው አልቅሰዋል፣ አርባውንም አውጥተዋል፤ እኔም ከተዝካሩ ቀምሻለሁ። ልጅቷ “ወንድሜ ደንገሉ ውስጥ” ብላ ጻፈችና አቆመች። አዘንሁላት፤ ግን አስተማሪ ነኛ! “ምን ያደርጋል? ጨርሺው” አልኋት። በማግስቱ ጨርሳው መጣች።

“ወንድሜ ደንገሉ ውስጥ ቆሞ እራቱን ይበላል።”

“አይተሽው ነው?” አልኋት በሹክሹክታ።

“ድምፅ አያሰማም። እጁ ብቻ ነው የሚወጣው” አለችኝ ረጋ ብላ።

ያን ቀን ወደ ቤቴ ስሄድ ፀሐይ ልትጠልቅ ነበር። ነፋስ የለም፤ ሐይቁ ጸጥ ብሏል፤ ደንገሉ ግን አንድ ቦታ ላይ ብቻ ይወዛወዛል። ከዚያ ሳል ሰማሁ፤ የታፈነ፣ የሰው ሳል። በስመ አብ ብዬ ጫማዬን በእጄ ይዤ ሮጥሁ። ሙት መሰለኝ።

ብፈራም የመጀመሪያዋ ሙሉ ዓረፍተ ነገሯ ነውና በማግስቱ ለጠፍሁላት። ልጆቹ በደንገሉ በኩል ማለፍ ተዉ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አንብበው አማተቡ። ለስብሰባ የመጣው የቀበሌው ሰውዬ ግን አላማተበም። ሁለት ጊዜ አነበበውና፣ “ጓዲት፣ ጥሩ ታስተምሪያለሽ። ምንም አልጎደለውም። የማን ልጅ ናት?” አለኝ ፈገግ ብሎ። የኔ ነገር፣ ደስ ብሎኝ ነገርሁት።

ጀርባውን ሲሰጠኝ ነው የገባኝ። ሙት አይስልም፤ እራትም አይበላም።

ወረቀቱን ቀድጄ ወደ እናቷ በረርሁ። “እትዬ፣ ያሽሹት! ዛሬውኑ ያሽሹት!” አልኋቸው። ፊታቸው አመድ መሰለ።

“ልጄማ ሙቷል። አርባውን አውጥቻለሁ፤ አንችም በልተሻል” አሉኝ። እጃቸው ግን የነጠላቸውን ጫፍ ፈልጎ ማግኘት አቃተው።

በማግስቱ ጠዋት ደንገሉ እስከ ውኃው ድረስ ታጭዶ አገኘነው። ምን እንዳገኙ የነገረን የለም፤ የጠየቀም የለም።

እናትየዋ እሪ ማለት አልቻሉም። አንዴ ያለቀሱትን ልጅ እንደገና ቢያለቅሱት፣ የፊተኛው ለቅሶ ውሸት እንደነበር ማመናቸው ነው፤ ለቀረችው ልጃቸውም መዘዝ መጥራት ነው። ድንኳን አልተተከለ፣ ጎረቤት አልመጣ። ጥፋቱ የኔ ነበር፤ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ከትምህርት በኋላ ሦስት ቀን እየሄድሁ አብሬያቸው ተቀመጥሁ። ምስር እንለቅም ነበር። ልጅቷ በሩ ላይ ተቀምጣ ውኃውን ታያለች። እሳቸው ስለ ዝናቡ፣ ስለ ዓሣው መጥፋት ያወሩኛል፤ እኔም አዎ፣ አዎ እላለሁ።

በሦስተኛው ቀን ልነሣ ስል አላስቻለኝም። “እትዬ፣ እግዜር ያጥ...” ስል እጃቸውን አፌ ላይ ጫኑት። ለረጅም ጊዜም አላነሡትም።