የሸማኔው ባዶ ቀናት

እኔ የቄስ ልጅ ነኝ፤ አላውቅም ነበር ማለት አልችልም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ የዋህ ለመምሰል እንዳይቃጣኝ ነው።

መሐል ሜዳ በነበረው ፕሮጀክታችን አራት ባለሙያዎች ነበርን። ጊዜው መሥሪያ ቤት ሁሉ "የሥራ ሂደት ለውጥ" እያለ ከሥልጠና ወደ ሥልጠና የሚሮጥበት ነው። ሥራችን ከመንዝ በግ ፀጉር አዳዲስ ምርት አውጥቶ፣ ከእንቁጣጣሽ በፊት አዲስ አበባ በሚከፈት ባዛር ላይ ማቅረብ ነበር። አንዱ ምንጣፍ፣ አንዷ የአንገት ልብስ፣ ሌላው አጠር ያለ በርኖስ፣ እኔ ደግሞ የሶፋ ልብስ ያዝን። አራታችንም ናሙናችንን የምናሠራው አንድ ሰው ዘንድ ነበር፤ ከቀየት ወዲህ ባለች መንደር የሚኖሩ ሽማግሌ ሸማኔ። ጨርቁን ሰፋ አድርጎ የሚሠራ ሌላ ሰው ፈልገን አጥተናል።

በየሳምንቱ አንዳችን ብቅ እያልን "የኔን ያስቀድሙልኝ" እንላቸዋለን። እሳቸው ደግሞ ሰው ማስቀየም አይሆንላቸውም። የምንጣፉን ድር አውርደው የበርኖሱን ይዘረጋሉ፤ እሱ ሳያልቅ የኔን። ድር ለመለወጥ ብቻ ሁለት ቀን ይሄዳል። ሰኔ ሲገባ አራት የተጀመረ እንጂ አንድም ያለቀ ነገር አልነበረንም።

ያኔ ነው ደብረ ብርሃን ለሥልጠና የተላክሁት። አሠልጣኙ ሰሌዳው ላይ ጠርሙስ ሣለ። "ውኃው የሚወርደው በሆዱ ስፋት ሳይሆን በአንገቱ ጥበት ልክ ነው" አለ። አንገቱን ፈልጉ፤ አንገቱ ሥራ ፈትቶ አይዋል፤ የቀረው ሁሉ ለአንገቱ ይታዘዝ። የምሆነውን አጣሁ፤ የኛን አንገት ቤቱ ድረስ አውቀው ነበርና። ስመለስ አራቱን ሥራ በተራ አደረግኩ። አንዱ ሳያልቅ ሌላው ድር ላይ አይወጣም። የበጉን ፀጉር የሚፈትሉልን የመንደሩ ፈታዮችም ክሩን ሦስት ቀን ቀድመው እንዲያደርሱ አስማማሁ። ባልደረቦቼ አኮረፉ፤ አንዱማ "አንቺ ደግሞ የሸማኔ ሹም ሆንሽ" አለኝ። ነገሩ ግን ሠራ። በአምስት ሳምንት በርኖሱም የአንገት ልብሱም አለቁ፤ ትልቁ ሥራ፣ ምንጣፉ፣ ድር ላይ ወጣ።

ምነው እዚያ ላይ ባቆምኩ።

ሥራ አስኪያጃችን ግድግዳ ላይ የለጠፍኩትን የሸማኔውን የቀን ሰሌዳ አየና "እነዚህ ባዶዎቹ ምንድን ናቸው?" አለ። በዓላት ናቸው አልኩት። "የአንገቱ ባዶ ቀን የሁላችን ባዶ ቀን ነው። አንቺው አይደለሽ ያስተማርሽን?" አለ። "እሺ፣ አነጋግራቸዋለሁ" አልኩ። ማለት አልነበረብኝም።

ነሐሴ መግቢያ ላይ ሄድኩ። ሸማኔው ባለቤታቸውን ደግፈው አጥሚት ያጠጡ ነበር። ሴትየዋ ከፋሲካ ወዲህ ከመደብ አልተነሡም፤ እንደማይነሡም ሁሉም ያውቃል። ምንጣፉ ካልደረሰ ፕሮጀክቱ ይታጠፋል፣ ፈታዮቹም ገበያ ያጣሉ፣ ስለዚህ በበዓልም ይሥሩልን አልኳቸው።

"ልጄ" አሉ ዝግ ብለው፣ "ሰማዩ ከኔ ጣራ በላይ ብቻ ቢሆን እሺ ባልኩሽ። በዓል ሲሻር በረዶው የሚመታው የሰውን ሁሉ ገብስ ነው። እሷም እንደምታያት ናት። ነገ የሚቀብራት እድር ነው፤ ከእድር አታጣዪኝ።"

"ማን ያያል አባባ? በር ዘግተው ነው።"

ይህን ያልኩት እኔ ነኝ። አንድም ሰው ከአፌ አልነጠቀውም።

የሚካኤል ዕለት፣ ድምፁን እንዲያፍን በሩ ላይ አጎዛ ሰቅለው ሠሩ። በማግስቱ ሄጄ ምንጣፉ በአንድ ክንድ ማደጉን ሳይ ደስ አለኝ፤ ባዶውን ቀን በእርሳስ ሞላሁት። ከዚያ በኋላ ግን መንደሩ ተለወጠብኝ። ሰላምታዬን የሚመልስ ጠፋ። አንዲት ፈታይ ክሯን በአጥሩ ላይ አቀበለችኝና ወደ ግቢው ሳትገባ ተመለሰች። ለምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም።

የተክለ ሃይማኖት ዕለትም ሠሩ። ከቀትር በኋላ ሰማዩ ጠቆረ። በረዶው ሲያባራ ሊያሸት የደረሰው ገብስ መሬት ላይ ተኝቶ ነበር።

እሑድ ምንጣፉን ልወስድ ስሄድ መንደሩ ከቅዳሴ በኋላ ደጀ ሰላሙ ላይ ተሰብስቦ አገኘሁት። የመንደሩ ቄስ "በዓል የሻረ ይነሣ፤ ካልተነሣ ግዝት ነው" አሉ። ከዚያ ሸማኔው ተነሡ።

"እኔ ነኝ።"

የእድሩ ዳኛ፣ ረጅም ሽማግሌ ናቸው፣ "በራስዎ ነው? ወይስ ያዘዘዎ አለ?" ብለው ጠየቁ። ሲጠይቁ የሚያዩት ግን ሸማኔውን አልነበረም፤ እኔን ነበር።

"እጁ የኔ ነው" አሉ ሸማኔው።

እኔ ዝም አልኩ። ሕዝቡን ፈርቼ ነው ብል ያምርብኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራሁት ምንጣፉን እንዳይከለክሉኝ ነው። ሸማኔው ለአንድ ዓመት ከእድር እንዲወጡ ተፈረደባቸው፤ እኔም ምንጣፉን ተሸክሜ ወጣሁ።

ባዛሩ ላይ ምንጣፉ ተወደደ፤ ትእዛዝ መጣ። ሥራ አስኪያጁ በስብሰባ ላይ አመሰገነኝ። ይሁን እንጂ ወደዚያ ቤት ክር የምታደርስ አንዲት ፈታይ እንኳ አልተገኘችም፤ የሽመና ዕቃውም ሥራ ፈታ።

ጥቅምት ላይ ባለቤታቸው ዐረፉ። አራታችንም መኪና ይዘን ሄድን። ቄሱ ፍትሐት አደረሱ፤ ጉድጓድ የሚቆፍር ግን አልነበረም። የእድሩ ሰዎች ጋቢያቸውን ተከናንበው ራቅ ብሎ ካለው የድንጋይ አጥር ላይ ተቀምጠዋል። መሬቱ ዝናብ ከተለየው ጀምሮ ደርቋል። ከቢሮ የመጣን አራት ሰዎች ተራ በተራ ስንቆፍር፣ ሸማኔው ከሬሳው አጠገብ ቆመው መሬት መሬት ያያሉ። እስከ ጉልበት ሳንደርስ እጄ ደማ። አልቻልኩም። ዶማውን እንደያዝኩ ወደ እድሩ ዳኛ ሄድኩ።

"ያዘዝኳቸው እኔ ነኝ" አልኩ እያለቀስኩ።

"ያን ዕለትም እናውቅ ነበር" አሉኝ። "ቃሉ ካንቺ አፍ እስኪወጣ ነበር የጠበቅነው። ጥፋቱ ለሁለት ቢካፈል በጧፍና በስግደት ባለቀ።"

ጋቢያቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ጣሉ፤ ዶማውን ከእጄ ተቀበሉና ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። ከአጥሩ ላይ ሌላ የተነሣ ሰው ግን አልነበረም።