ጎልፍ ሜዳ ላይ ግራ እግሬ የጠፋበት ቅዳሜ

ይህ የደረሰብኝ ባለፈው ዓመት፣ የናይሮቢ ዝናብ ባባራበት ሰሞን ነው። ዛሬም ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል።

ሰባን አልፌያለሁ። ወገቤማ ከእኔ ቀድሞ ነው ያለፈው። ካልሲ ለማጥለቅ እንኳ አልጋ ላይ ተንጋልዬ እግሬን መለማመጥ አለብኝ። መሃል ከተማ ያለውን የመኪና መለዋወጫ ሱቄን ለልጄ ካስረከብኩ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጓደኛዬ ከኃይሉ ጋር ጎልፍ እጫወታለሁ። እጫወታለሁ ስል፣ ሣሩን እደበድባለሁ ማለቴ ነው።

አንድ አመል ነበረኝ። ኳሷን በሳትኩ ቁጥር መሬት ላይ እዘረርና "ሞትኩ! ለሚስቴ ንገሩልኝ!" እላለሁ። ኃይሉ ይስቃል፤ ቦርሳችንን የሚይዝልን ካማውም ይስቃል።

የዚያን ቅዳሜ ዋዜማ ስልኬ ላይ አንድ ወጣት ተጫዋች አየሁ። እግሩን ተክሎ፣ ትከሻውን እንደ እርጥብ ጨርቅ ጠምዝዞ ይመታል። ጠዋት እንደሱ ልመታ መሆኔን ለኃይሉ ነገርኩት።

"አንተ ሰውዬ፣ የግራ ተረከዝህን አንሳና ዳሌህ አብሮ ይዙር። ዱላውንም እስከ ደረትህ ብቻ አንሳው፤ ይበቃሃል" አለኝ።

"ተረከዝ ማንሳት የሽማግሌ ነው!"

"አንተ ታዲያ ምንድነህ? ሙሽራ?"

እልህ ያዘኝ። ሁለቱንም እግሬን ተክዬ ተጠማዘዝኩ። ወገቤ ውስጥ የሆነ ነገር ቀጭ አለ። በግንባሬ ተደፋሁ።

ሕመሙ ትንፋሽ አሳጣኝ። ቀጥሎ የባሰው መጣ፤ ግራ እግሬ የለም። ሳየው አለ፤ ግን የሌላ ሰው እግር ሱሪዬ ውስጥ የገባ ነው የሚመስለው።

"ኃይሉ፣ እግሬ..."

"ዛሬ ደግሞ ቀልዱ በእግር ሆነ? ተነስ ባክህ፣ ከኋላ ሰው እየጠበቀ ነው።"

"ዛሬስ አወዳደቅህ አምሯል፣ ምዜ!" አለ ካማው፤ በስዋሂሊ ሽማግሌው ማለቱ ነው።

"እውነቴን ነው!" አልኩ። ይህንንም ሁልጊዜ እል ነበር። ሳቃቸው ባሰ።

ኪሌሌሽዋ ያለው ቤታችን ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለውም። ሚስቴ ከእኔ ትከሻ አትደርስም። ማን ያወጣኛል? ማን ያወርደኛል?

ኃይሉ መጥቶ ጫማዬን በዱላው መታ መታ አደረገው። "አመመህ?"

"ምኑ?" አልኩት።

ፊቱ ተለዋወጠ። ዱላውን ወርውሮ ተንበረከከ። "እኔን! እኔን ይድፋኝ!"

እኛ አገር ሰው ሲደናቀፍም "እኔን" ይባላል። ኃይሉ ግን ስንቴ ስዘረር አንድም ቀን ብሎኝ አያውቅም። ይህን ስሰማ ላብ አጠመቀኝ። ለካ እነሱ እስከሳቁ ድረስ እኔም በልቤ፣ ቀልድ ይሆናል እያልኩ ኖሯል።

ወደ ሆስፒታል ስንሄድ ዌስትላንድስ ላይ መኪናው የትራፊክ ጃም ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ኃይሉ የግራ እግሬን ጣቶች አንድ በአንድ እየቆነጠጠ "ይሄስ? ይሄስ?" ይለኛል። "የለም" እለዋለሁ። ወደ መጨረሻው መጠየቁን ተወ።

ሐኪሙ የወገቤ ዲስክ ተንሸራቶ ነርቭ ተጭኗል አለ። ይመለሳል ብሎ ቃል አልገባልኝም። ሳምንታት ተኝቼ አንድ ጠዋት የግራ እግሬን አውራ ጣት ነዘረኝ። ሕፃን እንዳገኘ ሰው አለቀስኩ።

አሁን ተረከዜን አንስቼ፣ ዱላውን እስከ ደረቴ ብቻ ከፍ አድርጌ እመታለሁ። ፍርሃቱ ግን አለቀቀኝም፤ ያን ድምፅ እየጠበቅኩ ነው የምዞረው። ኳሷ የኃይሉ ኳስ ከምትደርስበት ግማሽ መንገድ ላይ ትወድቃለች። እሱ ይስቅብኛል። እኔ ቀስ እያልኩ ወደ እሷ እሄዳለሁ፤ በሁለቱም እግሬ።