ያሥራ ስድስቱ ተረኛ

ዳንግላ አስተምር በነበረበት ጊዜ የሰንበት ትምህርት ቤታችን የበጎ አድራጎት ክፍል ሰብሳቢ ነበርኩ። ሰብሳቢ መባሉ ደስ ይለኝ ነበር፤ ምን ያስዋሸኛል። ሥራችን ከምእመኑ እህልና ልብስ ለምነን፣ በጋሪ ጭነን፣ ጧሪ ለሌላቸው ሰዎች ማድረስ ነው። የዳንግላ ሰው ሲሰጥ አይሰስትም፤ ምን እንደሚሰጥ ግን አንዳንዴ አያስተውልም። አንድ ደግ ነጋዴ አንድ ካርቶን ሙሉ ከረባት አስረክበውናል፤ "ለነዳያን" ብለው፣ መርቀው፣ ፊታቸው በርቶ። ለማን እንደምናድለው ስንከራከር አንድ እሑድ አለቀ። በመጨረሻ ከመካከላችን ስፌት የምትችለው እያጋጠመች ሰፍታ አልጋ ልብስ አወጣችለት። ያን የመሰለ የሚያብረቀርቅ አልጋ ልብስ በሕይወቴ አላየሁም።

እማማ የምላቸውን ሴት ለእኛ የጠቆሙን የሰፈራቸው ቄስ ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ከከተማው ዳር፣ ጋሪ ከሚደርስበት አልፎ፣ በአንዲት ደሳሳ ጎጆ ይኖራሉ። ንብረት የሚባል አንዲት በግ አለቻቸው።

መጀመሪያ ስንሄድ ጤፉን በራፋቸው ላይ አይተው፣ "እኔ ነዳይ ነኝ ወይ? ውሰዱ፤ ለተቸገረ ስጡ" አሉን። ተሸክመን ተመለስን። ሁለተኛ ስንሄድ በሩን ዘጉት። እኔ ደግሞ ቶሎ የሚነደኝ ሰው ነኝ። ጎናቸው አጥንቱ ይቆጠራል፣ ጣራቸው ያፈሳል፣ ምን ያኮራቸዋል እያልኩ ለጓደኛዬ ስነጫነጭ ሰነበትኩ።

ጥቅምት አሥራ ስድስት፣ የኪዳነ ምሕረት ዕለት፣ ለሦስተኛ ጊዜ ከጓደኛዬ ጋር ሄድን። እንጀራና ወጥ በሳህን፣ ጠላ በሃይላንድ ይዘናል። ገና አፋቸውን ለእምቢታ ሲከፍቱ፣ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

"ምጽዋት እንዳይመስልዎት እማማ። የማኅበራችን ጽዋ ነው፤ የኪዳነ ምሕረት።"

ማኅበር የለንም። ጽዋም የለንም። ነገር ግን በታቦት ስም የመጣ እህልና ውኃ እንደማይመለስ አውቃለሁ።

እማማ ሃይላንዱን ትክ ብለው አዩት።

"ጽዋው ይኼ ነው?"

"ዘመኑ ነው፣ እማማ።"

ነጠላቸውን አስተካከሉ፤ አማተቡ፤ ሃይላንዱን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ቀመስ አደረጉና ወደ አጥሩ ዞረው ጮክ ብለው በአዊኛ የሆነ ነገር ተናገሩ። ከአጥሩ ማዶ እልልታ ተሰማ። እኔ ተሳክቶልኝ ፈገግ ብያለሁ። አዊኛ የምትሰማው ጓደኛዬ ግን ክንዴን ጨመደደችኝ።

"ጎረቤቱን ጠሩ" አለችኝ በሹክሹክታ። "የኅዳር አሥራ ስድስት ተረኛ እኔ ነኝ እያሉ ነው።"

የማኅበር ሥርዓት ነው፤ ጽዋውን የተቀበለ በሚቀጥለው ወር ይደግሳል። ይኼን የማያውቅ ሰው በአገሩ የለም። እኔም አውቃለሁ፤ ስዋሽ ግን አልታወሰኝም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልነበረኝም። ከትምህርት ቤት ስወጣ መንገዴን አዙሬ በጎጆው በኩል አልፋለሁ። የማየው በጓን ነው። በሩ ላይ ታስራ ሳያት ተመስገን ብዬ እመለሳለሁ። ኅዳር እንደገባ አንድ ቀን ገመዱ ባዶውን ተጋድሞ አገኘሁት። እማማ ቤት ውስጥ ጌሾ ይወቅጣሉ።

"በጓስ እማማ?"

"ሸጥኋት።"

እዚያው መደቡ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማኅበር እንደሌለን፣ እንዲበሉልኝ ብዬ እንደዋሸሁ፣ በጓን እንደምመልስላቸው። እማማ መውቀጣቸውን አላቋረጡም።

"ጽዋ በሃይላንድ የሚዞርበት አገር አለ ብዬ ያመንኩ መሰለሽ?" አሉኝ።

"ታዲያ እያወቁ ለምን?"

ዘነዘናውን አስቀመጡና ነገሩኝ። ባላቸው በሕይወት ሳሉ እማማ የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኛ ነበሩ። ባላቸው ሲሞቱ፣ ተራቸው ሲደርስ፣ ማኅበርተኞቹ አዘኑላቸውና "አንችማ ከየት ታመጫለሽ፤ ይቅርብሽ" አሏቸው። ተራቸውን ለሌላ ሰጡ። በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ አለፏቸው። ከዚያ ወዲያ እማማ ባዶ እጃቸውን ሄደው መብላት አፈሩና ቀሩ። ማንም ክፉ አልሠራባቸውም፤ ሁሉም ያዘነላቸው ነው።

"ከዚያ ወዲህ ተራሽ ነው ያለኝ የለም" አሉ። "አንች መጣሽ። ውሸትም ቢሆን አልለቀውም አልሁ።"

ያን ጊዜ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። እኔ እኮ በየወሩ ሪፖርት የማቀርብ ሰብሳቢ ነኝ፤ ለስንት ሰው ስንት ኪሎ እንደሰጠን አነባለሁ። ከሰጠነው ሰው አንዱን እንኳ "ምን ልትሰጠን ትወዳለህ?" ብዬ ጠይቄ አላውቅም። ቢያንስ ዳቦውን እኔ ላስጋግር ብዬ ለመንኳቸው።

"አንች በባዶ እጅሽ ነው የምትመጭው" አሉኝ።

በባዶ እጄ ሄድኩ። ጾም ከገባ ሁለተኛ ቀን ነው። እጄን የት እንደማስቀምጠው ጨንቆኝ ነጠላዬን ሳጠነጥን ነበር። ጎጆዋ ተለቅልቃ፣ ሣር ተጎዝጉዞባት፣ ሰው ሞልቷታል። ቄሱ አሉ፤ ጎረቤቶቹ አሉ። ከቄሱ ጎን ከመደቡ ላይ፣ በቤተ ክርስቲያናችን በር የሚለምኑት አንድ እግራቸው የማይታዘዝላቸው ሽማግሌ ተቀምጠዋል። ለዓመታት ሳንቲም እየጣልኩላቸው አልፌያለሁ፤ ድምፃቸውን በወጉ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው፤ ለካ ተጫዋች ናቸው። ድንች ቅቅል በአዋዜ፣ የባቄላ ንፍሮ፣ ዳቦና ጠላ በላን፣ ጠጣን። እማማ ወገባቸውን ታጥቀው፣ "ብሉ እንጂ! ምን ሆናችኋል?" እያሉ ይቆጡናል። እንዲያ ሲቆጡ እንዴት ያምሩ ነበር!

ሲያበቃ ቄሱ በነጭ ጨርቅ የተሸፈነችውን የሸክላ ጽዋ ባርከው አነሡ።

"የታኅሣሥ ተረኛ ማን ነው?"

ያቺ በግ ልቤ ውስጥ አለች፤ ሸክሙ ወደ እኔ ይምጣ ብዬ ቀድሜ እጄን ዘረጋሁ። እማማ ጽዋዋን ከቄሱ ተቀበሉና በእኔ በኩል አልፈው ሽማግሌው ፊት ቆሙ።

"እኔ?" አሉ ሽማግሌው። "ቤት እንኳን የለኝ።"

"ደጀ ሰላሙ አለ አይደል? እዚያው እንመጣለን።"

ሽማግሌው እጃቸውን በጋቢያቸው ጠረጉት። ደግመው ጠረጉት። የእኔ እጅ እንደተዘረጋ ነበር፤ እማማ ዞረው አዩኝ።

"አንችማ ሁልጊዜ ሰጭ ነሽ፣ ልጄ" አሉኝ። "ዛሬን ልቀቂላቸው።"

እጄን ሰበሰብኩና እልል አልኩ።