የጎረቤት ሁሉ ድንጋይ የገባበት ሬዲዮ

ይህ ነገር የገጠመኝ በደርግ ጊዜ፣ ላሊበላ ውስጥ ነው። ዛሬም ሬዲዮ በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ልጻፈው አልኩ።

ያኔ ገበያው አጠገብ የእጅ ባትሪና ሬዲዮ እጠግን ነበር። ጎረቤታችን እማማ ጠጄ አንድ ቀን እየሮጡ መጡ። ልጃቸው መላኩ ከዘመተ ወዲህ ወሬው ጠፍቶባቸው ነበር። ለእረፍት የመጣ ጓደኛው ግን፣ እሑድ ከሰዓት ከጦር ግንባር በሬዲዮ ሰላምታ ከሚያቀርቡት መካከል መላኩ እንዳለበት ነግሯቸዋል። ችግሩ እማማ ሬዲዮ የላቸውም። የሰፈሩም ሬዲዮ ተበላሽቶ እኔ ዘንድ ተከምሯል።

"ከእነዚህ መርጬ አንድ እሠራልዎታለሁ" አልኳቸው። አፍ ሲናገር ቀላል ነው። የአንዱ ውስጥ ከሌላው ቀፎ አይገባም፤ ስፒከሩ ካልተስማማው ደግሞ ድምፁ ይታነቃል። ስፈታ ስገጥም ሰንብቼ ቅዳሜ ዕለት አንዱን አናገርኩት። አራት የባትሪ ድንጋይ ብቻ ነበር የሚፈልገው። የኔዎቹ ደክመዋል፤ ሱቅም ድንጋይ ጠፍቷል።

እሑድ ጎረቤቱ ከየእጅ ባትሪው ድንጋይ እያወጣ እማማ ቤት መጣ። ፀሐይ ላይ አስጥቶ ያመጣም ነበር። እኔ ሽቦ ላመጣ ወጣ ብዬ ስመለስ ቤቱ የተቃጠለ ላስቲክ ይሸታል። እማማ የመጣውን ድንጋይ ሁሉ በካርቶን ጠቅልለው፣ ሰልፍ አስይዘው አራት ብቻ ከሚችለው ሬዲዮ ጋር አገናኝተውታል።

"የማንን አስገብቼ የማንን ልመልስ? ሁሉም ለመላኩ ብሎ ነው ያመጣው" አሉኝ።

ቁጣዬ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ይህን ስሰማ ዋጥኩት። "ሬዲዮው ድሮም ደካማ ነበር እማማ" አልኳቸው። የሬዲዮው ውስጥ ተቃጥሏል፤ የተረፈው ስፒከሩ ብቻ ነው።

ከሰው መሀል ለቅዳሜ ገበያ መጥተው ያደሩ አንድ የወልድያ ነጋዴ ነበሩ፤ አያ ሰይድ ይባላሉ። "አንተ ልጅ፣ የእኔንም እስቲ እየው። በቅሎዬ ከረገጠችው ወዲህ ዝም ብሏል" ብለው ከጓዛቸው ሬዲዮ አወጡ። ከፈትኩት። ውስጡ ደህና ነው፤ የተቀደደው ስፒከሩ ነው። ከእኔ ሬዲዮ የተረፈውን ስፒከር አጠገቡ ባደርገው በልኩ የተሠራ ይመስላል።

የብየዳ ብረቴን እሳት ላይ ጣልኩ። ሰንበት ነው የሚል አልተገኘም። ጎረቤታችን መሪጌታ፣ ሰንበት ሽንኩርት ቢከተፍ የሚቆጡት ሰው፣ ራሳቸው ከሰሉን ያራግቡልኝ ጀመር።

ስፒከሩን በይጄ፣ ጎረቤት ካመጣው ድንጋይ የሚበቃውን ያህል ብቻ አስገባሁበት። ሬዲዮው ሲናገር የብዙ እናት ልጅ ተሰማ። ከዚያ መላኩ መጣ።

"እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ?"

"አቤት ልጄ! ደህና ነኝ፣ ተመስገን!" አሉ እማማ ሬዲዮውን በሁለት እጃቸው ይዘው።

"ላሟ ወለደች?"

"ወልዳለች! ጥጃዋ አንተን ትጠብቃለች!"

እንደማይሰማቸው የሚነግራቸው አንድም ሰው አልነበረም። መሪጌታም ነጠላቸውን ወደ ዓይናቸው ሰደዱ።

ሲያልቅ ሬዲዮውን ለአያ ሰይድ ብመልስ እምቢ አሉ። "እዚሁ ይቀመጥ። ልጁ ሌላ ቀን ቢጣራ ማን አቤት ይለዋል?" ብለው በቅሏቸውን ጫኑ። ዳግም አላገኘኋቸውም።

እማማ ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ሬዲዮው ሥር ይቀመጡ ነበር። መላኩ ግን አልተጣራም። ጦሩ በተበተነ ጊዜ አንድ እሑድ እኔም እዚያው እያለሁ "እማዬ!" የሚል ድምፅ መጣ። እማማ ወደ ሬዲዮው ጎንበስ ብለው "አቤት ልጄ!" አሉ። መላኩ በራቸው ላይ ቆሟል።

ያን ቀን ሳቄና ልቅሶዬ ተቀላቀለብኝ። አያ ሰይድ ይህን ሳያዩ መቅረታቸው እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።