የብልባላውን የብስክሌት መንገድ ያቀኑት ጋሽ ደምሌ

ከላሊበላ ወደ ብልባላ የሚወስደውን የብስክሌት መንገድ ሲያቀኑ የኖሩት ጋሽ ደምሌ ባለፈው ሳምንት በሞት ተለዩን። ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን የምጽፍላችሁ፣ እንግዶችን በብስክሌት የማስጎበኝና ከጋሽ ደምሌ ጋር ዶማ የያዝኩ ሰው ነኝ።

መንገዱ በገበሬዎች ማሳ ዳር የሚያልፍ ቀጭን የእግር መንገድ ነው። ክረምቱ በወጣ ቁጥር ጎርፍ የቦረቦረውን በድንጋይ ይክቡ ነበር። የፈረሰ እርከን ካዩም ገበሬው ሳይጠራቸው ይጠግኑለታል። እርሻ ሳይጀመር ደግሞ በየደጁ እየዞሩ የማለፊያ ፈቃድ ይለምናሉ። «አምና ፈቅደውልን የለም እንዴ?» ስላቸው፣ «የአምናው ለአምና ነው፤ ዘንድሮም ይጠየቁ» ይሉኝ ነበር።

አንድ ዓመት እኔ ቸኮልኩ። እንግዶች መንገዱን እንዳይስቱ ብዬ፣ ጋሽ ደምሌን ሳላማክር፣ በገበሬው በአቶ ሞገስ ማሳ ዳር ኖራ የተቀባ ድንጋይ በተርታ ተከልኩ። የላስታ ልጅ ሆኜ፣ ማሳ ላይ የተተከለ ድንጋይ ምን ማለት እንደሆነ እንዴት እንደጠፋኝ አላውቅም። አቶ ሞገስ መሬታቸው ተለክቶ ሊወሰድ መሰላቸው። በማግስቱ ስንደርስ መንገዱ በእሾህ ተዘግቷል።

ሽማግሌዎች ተሰብስበው «ወሰን የተከለው ማነው?» ሲሉ ከሰው ኋላ ፈቀቅ አልኩ። ጋሽ ደምሌ ጋቢያቸውን አደግድገው ብድግ አሉ።

«እኔ ነኝ። አጥፍቻለሁ፤ ይቅር በሉኝ።»

በዚያ በሚያማቸው ጉልበት ድንጋዩን አንድ በአንድ ተሸክመው ከማሳው አወጡ። እሾሁም ተነሳ። ስንመለስ ለምን እንደዚያ እንዳደረጉ ብጠይቃቸው፣ «ነገ በዚህ ማሳ የምታልፈው አንተ ነህ። እኔን ቢቀየሙኝ ለስንት ቀን ነው?» አሉኝ። ጥፋቴን ሲወስዱልኝ ያኔ እፎይ ማለቴን ሳስብ ዛሬም አፍራለሁ።

በቀብራቸው ዕለት አቶ ሞገስ መጥተው አለቀሱ። ከድንኳኑ ሲወጡ «ደግ ሰው ነበሩ። ያቺ ድንበር መግፋታቸው ብቻ ከሆዴ አልወጣችም ነበር፤ እንግዲህ ይማራቸው» አሉኝ። እኔም «አሜን» ብዬ ሸኘኋቸው።

ጋሽ ደምሌ፣ የእርሻው ወቅት ደርሷል፤ ዘንድሮ በየደጁ የምዞረው ያለ እርስዎ ነው። መጀመሪያ የምሄደው አቶ ሞገስ ዘንድ ነው። እውነቱን ስነግራቸው መንገዱን ዳግም ይዘጉት ይሆናል፤ ያን ሁሉ ዘመን የደከሙበት በእኔ ጦስ ይቀራል። ቢሆንም ስምዎ ባላጠፉት ጥፋት ሲነሳ ከእንግዲህ አልሰማም። በሕይወት ሳሉ ልናገረው የሚገባኝን፣ አሁን እርስዎ በማይሰሙበት እናገራለሁ፦ ድንጋዩን የተከልኩት እኔ ነኝ።

ደህና ይረፉ፣ ጋሼ።